ጥልቀት ለሌለው ውሃ የትኛው ሞተር ይሻላል፦ ፕሮፔለር፣ ጄት ወይስ ረጅም ጅራት?

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ዝርዝሩ ግን ይረዝማል ታገሱኝ። ጀልባዬ ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ ናት፣ ርዝመቷ 4.8 ሜትር፣ ወለሏ 1.4 ሜትር ይሰፋል። ኋላዋ ላይ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለ፣ ባለ ፕሮፔለር፣ ሻፍቱ ረጅም የሚባለው ባለ 20 ኢንች፣ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳም (ትራንሰም እያልኩ ልቀጥል) ለዚሁ ልክ የተሠራ ነው። የምሄድበት ውሃ አብዛኛው ከጉልበት በታች ነው፣ አንዳንዱ ጋ ቁርጭምጭሚት ብቻ ይሸፍናል። መሬቱ አሸዋ ነው፣ አልፎ አልፎ ጠጠር፣ ዳር ዳሩን ደግሞ የውሃ ሳር። ብዙ ጊዜ ሦስት ሰው ነን ከነዕቃችን። እኔ ያሰብኩት የሞተሩን የታችኛውን ክፍል አውልቄ ጄት ላስገባለት ነው፣ ምክንያቱም ታች የሚሽከረከር ነገር ከሌለ የሚመታ ነገር የለም። የሚቃወም ካለ ከነምክንያቱ ይምጣ።

(ክሩ፣ ማለት የዚህ ጥያቄ ውይይት፣ በጣም ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከላይ እንዳያስስ፣ ማን ምን እንዳለ እኔው በቁጥር እየጠራሁ እዚህ አሰፍራለሁ። አስተያየቴንም ጣል አደርጋለሁ፣ የክሩ ባለቤት ስለሆንኩ ይፈቀድልኛል።)

ቁጥር 2 በጨዋ አንደበት ነው የጀመረው። ሰላምታውን አስቀድሞ ወዲያው ወደ ጥያቄ ገባ፦ ጀልባዋ ቆማ ስንት ሴንቲሜትር ትጠልቃለች፣ ስትነሳ ስንት ውሃ ትፈልጋለች፣ ተነስታ ስትሮጥስ? ሦስቱም የተለያዩ ቁጥሮች እንደሆኑና ሰው ሁሉ የሚፎክረው በሦስተኛው ብቻ እንደሆነ ነው የጻፈው። ጀልባ ጋዝ ሲሰጣት መጀመሪያ አፍንጫዋ ሽቅብ ይወጣል፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ፕሮፔለሩን መሬት ውስጥ የምትከተው ያቺ ቅጽበት ናት። ከዛ ውሃው ላይ ወጥታ ስትስተካከል ጥልቀቱ ይቀንስላታል። ስለዚህ 15 ሴንቲሜትር ውሃ ላይ እየበረረች የምታልፍ ጀልባ እዛው 15 ሴንቲሜትር ላይ ብታቆሟት በራሷ አትነሳም፣ ወርዶ መግፋት ነው። ለኔ ከክሩ ሁሉ ይሄ መልስ ይበልጣል፣ ከዚህ በኋላ የተጨቃጨቅንበት ነገር ግማሹ ይሄን ሳያነቡ ከመጻፍ የመጣ ነው።

ቁጥር 3 በሁለት መስመር ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ፦ ዘንግ ላይ በየ 10 ሴንቲሜትሩ ፕላስተር ጠቅልሎ ይዞ መዞር። በዓይን የሚገመት ጥልቀት ሁሌ ይዋሻል ባይ ነው፣ በተለይ ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ።

ቁጥር 4 የጄት ወዳጅ ነው፣ ያውም የልብ ወዳጅ። ድንጋያማ ወንዝ ላይ ለዓመታት በጄት እንደሠራ፣ ካምቢዮው (ውሃ ውስጥ የሚገባው የሞተሩ የታችኛው የማርሽ ቤት) እና ፕሮፔለሩ ወልቀው በቦታቸው ፓምፕ እንደሚገባ፣ ፓምፑ ውሃውን ከጀልባው ወለል ጋር እኩል በሆነ አፍ ስቦ ወደ ኋላ እንደሚተፋው፣ ከሆዷ በታች የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለ አንዴ ከተነሳች 10 ሴንቲሜትር እንደሚበቃት በዝርዝር ጻፈ። አንድ የጠጠር ደለል ሲያቋርጡ ከኋላው በፕሮፔለር ይከተለው የነበረው ጓደኛው ስኬጓን (ከፕሮፔለሩ ስር የምትወጣዋን ክንፍ ማለቴ ነው) እዛው ጥሏት እንደመጣም ሳይነግረን አላለፈም። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የፈለግኩት መልስ እሱ ነዋ።

ቁጥር 5 መጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ጄት ከሞተሩ ጉልበት ወደ 30 በመቶ ገደማ ይበላል። የፋብሪካዎቹ የራሳቸው ስያሜ እንኳን ይሄን ይናገራል፣ በፕሮፔለር 115 የሚባለው ሞተር በጄት ሲመጣ 80 ተብሎ ይሸጣል፣ 150 የነበረው ደግሞ 105። እንግዲህ የኔ 40 ወደ 28 ይወርዳል ማለት ነው። በ28 የፈረስ ጉልበት ሦስት ሰው ከነዕቃው የጫነች 4.8 ሜትር ጀልባ ትነሳለች ወይ የሚለውን ለኔ ተወልኝ፣ ካልተነሳች ግን ጄቱ ከንቱ እንደሆነ አሰመረበት፦ ቀስ እያለ የሚሄድ ጄት መሬቱ ከቀረበው አሸዋና ጠጠር እየሳበ ራሱን ይፈጫል፣ ስለዚህ በዝግታ ሲሆን ከ30 ሴንቲሜትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋል።

6 ላይ ቁጥር 4 ተመለሰ፣ ትንሽ ተናዷል። ጄት ይዞ የማያውቅ ሰው በወረቀት ቁጥር ሰው አያስፈራራ የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጽፎ ነው የሄደው። 7 ላይ ቁጥር 5 ጄት ኖሮት እንደሸጠው፣ የሸጠበትም ምክንያት ከላይ የጻፈው እንደሆነ በአንድ መስመር መለሰ። ያ መስመር ላይ የተሰበሰበው ላይክ ብዛት ጉድ ነው።

ቁጥር 8 ከሁለቱ መሀል ገብቶ ማንም ያላነሳውን አነሳ፦ መሪ። ፕሮፔለር ያለው ሞተር ጋዙን ብትቀንስም ካምቢዮው ውሃ ውስጥ ስለሆነ እንደ መሪ ያገለግላል። ጄት ግን የሚዞረው በሚተፋው ውሃ ብቻ ነው፣ ጋዝ ከለቀቅህ መሪ የለህም። ጀማሪ ድንጋይ ሲያይ ደንግጦ ጋዝ ይለቃል፣ በዛች ሰከንድ ጀልባዋ ትሰምጣለች፣ መሪዋም ይጠፋል፣ ቀጥ ብላ ድንጋዩ ላይ። የኋላ ማርሹም የሚተፋውን ውሃ በክዳን ወደ ፊት መመለስ ብቻ ስለሆነ ጉልበት የለውም፣ ፍሬን ይሆነኛል ብላችሁ እንዳታስቡት አለን።

ቁጥር 9 ጄት የምትጠግን እህታችን ናት፣ እውነቴን ነው የጻፈችውን አስቀምጡት። ከፓምፑ ላይ የምትወጣ ትንሽ ቱቦ አለች፣ ጫፏ የግሪስ መግቢያዋ ላይ ተሰክታ ነው የምትቀመጠው። ያቺን ነቅሎ፣ በግሪስ ጠመንጃ በመግቢያው በኩል መግፋት፣ በቱቦዋ ጫፍ በኩል አሮጌው ግሪስ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ፣ ከዛ መልሶ መሰካት። ይሄ በየ10 ሰዓቱና ጀልባዋ በምትቆምበት ቀን ሁሉ ይደረጋል። የሚወጣው ግሪስ ትንሽ ግራጫ ከሆነ ችግር የለውም፣ ውሃ ተቀላቅሎበት ከወጣ ወይም ከጠቆረ ሲሉ (ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ጎማ) ተበላሽቷል፣ ቀጥሎ የሚሄደው ኩሽኔታው ነው። ሌላው የኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ መሰል ክፍል) ክፍተት ነው፦ በኢምፔለሩ ጠርዝና በዙሪያው ባለው ሽፋን መሀል ያለው ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት፣ አሸዋ እየበላው ሲሰፋ ሞተሩ ይጮኻል ጀልባዋ ግን አትገፋም። ያኔ ሮንዴላዎቹን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን እያሻገሩ ኢምፔለሩን ወደ ታች ማስጠጋት ነው። የኔን ጽሑፍ ጠቅሳ ደግሞ ድንጋይ ቢሆን ጄት ትመርጥልኝ እንደነበር፣ አሸዋና ሳር ግን ሁለቱም የጄት ጠላቶች እንደሆኑ ተናገረች። ሳሩ የመሳቢያውን ፍርግርግ ይደፍነዋል፣ አሸዋው ውስጡን ይሞርደዋል። ቁጥር 4 እንኳን እዚህ ጋ ዝም አለ።

10 እኔ ነኝ፣ ሳሩ ወቅት ጠብቆ እንደሚበዛ፣ አሸዋው ግን ሁሌም እንዳለ መለስኩ።

ቁጥር 11 እስከዛ ያልተነሳ ነገር ይዞ መጣ፦ ረጅም ጅራት። ታይላንድ ውስጥ የመኪና ሞተር ሳይቀር ጀልባ ላይ ጭነው፣ ፕሮፔለሩን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አድርገው እንደሚሄዱበት፣ የትንሿ ጀልባ ዓይነት ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስላለው ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ ራሱ እንደሌለው፣ ስለዚህ ጭቃም ሆነ ሳር የሚደፍነው ነገር እንደሌለ አስረዳ። ዘንጉ ወደ ኋላ ስለሚዘረጋ ጉቶ ሲመታ ተነስቶ ያልፋል፣ ጥልቀቱንም በእጅ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይመርጡታል። የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። 12 ግን ጉድለቱን ዘረዘረበት፦ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ነው፣ ቀላሉ ዓይነት ኒውትራልም የኋላ ማርሽም የለውም፣ እጀታው ደግሞ ክንድ ይገነጥላል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ያ ሁሉ ዘንግ ከኋላ እየተወዛወዘ መዞር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በሱ አስተያየት ጭቃ ብቻ የሆነ ረግረግ ካልሆነ ሰው ለምን ራሱን ያሰቃያል። 13 የአውሮፕላን ፕሮፔለር ጀርባዋ ላይ የምትሸከም ጀልባ ግዛ ብሎ ቀለደ፣ አለፍነው።

አሁን ዋናው። ቁጥር 14 ረጅም ጽፏል፣ አንቀጽ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ግን ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ሞተሩን ከመቀየር በፊት ያለውን ሞተር ወደ ላይ ማንሳት። ከፕሮፔለሩ በላይ አግድም የተዘረጋች ላሜራ አለች፣ አየር ከላይ ወደ ፕሮፔለሩ እንዳይሳብ የምትከለክል። ሰው ሁሉ ሞተር ሲገጥም ያቺን ላሜራ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ያደርጋታል ወይ ከዛም ዝቅ ያደርጋታል፣ እዛው ይረሳታል። ጃክ ፕሌት የሚባለው ነገር ትራንሰሙና ሞተሩ መሀል ይገባል፣ ሞተሩን ወደ ኋላ ያርቀዋል፣ ከፍ ዝቅም ያደርገዋል፣ በእጅ በብሎን የሚስተካከል አለ፣ በሃይድሮሊክ እየሄዱ የሚያነሱት አለ። ወደ ኋላ መራቁ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ጀልባው ሲሮጥ ውሃው ከሆዱ ስር ወጥቶ ከኋላ ሽቅብ ይነሳል፣ ስለዚህ ሞተሩ ከትራንሰሙ በራቀ በየ 8 እስከ 10 ኢንቹ ወደ አንድ ኢንች ያህል ከፍ ማለት ይችላል፣ ያውም ፕሮፔለሩ ንጹህ ውሃ ሳያጣ። ጃክ ፕሌት ሳይገዛ መሞከር የሚፈልግም መንገድ አለው፦ የሞተሩ መያዣ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች በ19 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርጎ አስሮ መሞከር፣ ጠምዘዝ ስትል ፕሮፔለሩ አየር ስቦ ሞተሩ ብቻውን መጮህ ከጀመረ አንድ ቀዳዳ መመለስ፣ አለቀ። የሞተሩን ከፍታ ሳይሞክር ሞተር የሚቀይር ሰው ጫማው ጠበበኝ ብሎ እግሩን እንደሚቆርጥ ነው ብሎኛል፣ ተቀብያለሁ።

ቁጥር 15 በየዋህነት ጠየቀ፣ ሞተሩን በትሪም ቁልፉ ወደ ኋላ ማዘንበልስ ያው ማንሳት አይደለም ወይ ብሎ። 16 በትዕግስት አስረዳው፦ ሲዘነብል ፕሮፔለሩ ከፍ ይላል፣ ግን የሚገፋው ውሃ ሽቅብ ስለሚሄድ የጀልባዋን ኋላ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ያገኘኸውን ሴንቲሜትር በሌላ በኩል ትመልሰዋለህ። የዝግታ ጉዞ ላይ ይሠራል፣ ለዛ ነው ብዙ ሞተር ላይ የጥልቀት አልባ ውሃ ማረፊያ ቦታ የተሠራው፣ ጋዝ መስጠት ግን አይቻልም፣ በኋላ ማርሽ ሲሆን ደግሞ ሞተሩ ስለማይቆለፍ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። 17 ይሄን የመሰለ ጥሩ መልስ ላይ መጥቶ 15ን ማኑዋል አንብበህ ና ብሎ ዘለፈው፣ አድሚኑ 18 ላይ ሁለተኛ እንዲህ የሚጽፍ ይወጣል ብሎ አስጠነቀቀ። ደግ አደረገ። ሰው ካልጠየቀ ምን ሊማር ነው።

ቁጥር 19 የጃክ ፕሌቱን ሐሳብ ደግፎ አደጋውን አሳየ። ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትን ውሃ የሚስበው ካምቢዮው ግራና ቀኝ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ሞተሩ ከፍ ሲል እነዛ ቀዳዳዎች ከውሃ ይወጣሉ፣ ሞተሩ አየር ይስባል፣ ከዛ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ለዚህ ሲባል ቀዳዳው በካምቢዮው አፍንጫ ዝቅ ብሎ የተሠራ ዓይነት አለ፣ በኋላ የሚገጠም የአፍንጫ ቅጥያም አለ። ከሁሉ በፊት ግን የውሃ ግፊት ጌጅ ይገጠም ባይ ነው፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያው እስኪጮህ መጠበቅ ዘግይቶ መንቃት ነው። መጀመሪያ ጥልቅ ውሃ ላይ ሞተሩን በየፍጥነቱ አስኪዶ ጌጁ ስንት እንደሚያነብ መያዝ፣ ከዛ ሞተሩን እያነሱ ከዛ ቁጥር መውረድ የሚጀምርበትን ከፍታ ማወቅ፣ ያ ነው ጣሪያው።

ቁጥር 20 ጌጅ ምን ያደርጋል፣ ከሞተሩ ጎን የምትፈሰዋን የውሃ ክር አይቼ አውቃለሁ ብሎ ተከራከረ። 21 አረመው፣ ትንሽ ሹል ነበር ግን ልክ ነው፦ ያቺ ክር ፓምፑ ውሃ እያወጣ መሆኑን ብቻ ነው የምትነግርህ፣ በቂ ማውጣቱን አትነግርህም። አንዳንዴ ደግሞ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ክሯ ትቆማለች፣ ቀዳዳዋ ላይ አሸዋ ስለተጠራቀመ። ቀጭን ሽቦ ወይ የአሳ ማጥመጃ ወፍራም ክር ከውጭ ወደ ውስጥ ማስገባትና ሁለት ሦስቴ መሳብ፣ አሸዋው ዱብ ይላል። ካልመጣች ግን የውሃ ፓምፑን የጎማ ኢምፔለር መክፈት ነው፣ አሸዋ ውሃ ላይ የሚውል ሰው በየዓመቱ ከፍቶ ይየው ብሏል።

ከ22 እስከ 27 ፕሮፔለር ብቻ ነው የተወራው። 22 ባለ ሦስት ክንፉን ትቼ ጠርዙ ቆልመም ያለ ባለ አራት ክንፍ እንዳስገባ መከረ፦ ከፍ ብሎ በተሰቀለ ሞተር ላይ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ጀልባውንም ቶሎ ያነሳል፣ ኋላዋንም ከፍ አድርጎ ይይዛታል። የከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል። ከሦስት ወደ አራት ክንፍ ሲኬድ ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት) በአንድ ወይ ሁለት ኢንች መቀነስ ነው፣ አንድ ኢንች ፒች ከ150 እስከ 200 አርፒኤም ያህል ለውጥ ስለሚያመጣ ሞተሩ በሙሉ ጋዝ ማኑዋሉ ላይ ከተጻፈው ዙር በታች እንዳይቀር። እዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

23 ስቴንለስ ይሁን አለ፣ አሸዋ አይሞርደውም፣ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። 24 አሉሚኒየም ይሁን አለ፣ ጉቶ ሲመታ ይታጠፋል ወይ ይሰበራል፣ ይሰበር ደግሞ፣ ስቴንለሱ ሲመታ ግን ጉዳቱ ወደ ላይ ወደ ሻፍቱና ወደ ማርሹ ነው የሚሄደው። 25 መሀል ላይ ያለችው ጎማ ድንጋጤውን ስለምትውጥ ይሄ ፍርሃት የተጋነነ እንደሆነ ተናግሮ 24ን ስለ ብረት የማያውቅ አስመሰለው። 24 በ26 ተመልሶ ጎማዋ የምትንሸራተተው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ እንጂ ጉቶ ሁሉ ሲነካ እንዳልሆነ፣ በሙሉ ፍጥነት ድንጋይ ያገኘ ስቴንለስ ሻፍት ሲያጣምም በዓይኑ እንዳየ በትላልቅ ፊደል እስኪመስል ጻፈ (ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም እንጂ)። የኔ ፍርድ፦ ሁለቱም የተናገሩት ከሚያውቁት መሬት ነው፣ አንዱ አሸዋ ላይ ነው የሚውለው ሌላው ድንጋይ ላይ። አሸዋ ያለበት ሰው ስቴንለስ፣ ጉቶና ድንጋይ ያለበት አሉሚኒየምና አንድ ተቀያሪ ከነመፍቻው ጀልባው ውስጥ።

27 ከጭቅጭቁ ሁሉ ጠቃሚውን ይዞ ወጣ። አዲስ ፕሮፔለር ስትገጥሙ ከመሀለኛው ብረት ጀምሮ ጎማዋን አቋርጦ እስከ ውጭኛው አካል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። አንድ ቀን ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው አልሄድ ካለ ያቺን መስመር እዩ፣ ተሰብራ ሁለት ቦታ ከሆነች ጎማዋ ተንሸራታለች፣ ጥፋቱ የካምቢዮ አይደለም ማለት ነው። ጎማዋ የተንሸራተተችበት ፕሮፔለር ቀስ ብሎ ከሄዱ ብዙ ጊዜ ቤት ያደርሳል፣ ጋዝ ሲሰጡት ነው የሚከዳው። በዚያው ፕሮፔለሩ በወለቀ ቁጥር ከኋላው የተጠቀለለ የማጥመጃ ክር ካለ መንቀል እንደሚያስፈልግ አስታወሰ፣ ሲሉን ይቆርጠዋል፣ ከዛ የካምቢዮው ዘይት ሲፈስ ነጭ ሆኖ ይመጣል።

28 ምን እንዳሰበ አላውቅም ወደ ታሪክ ወሰደን። ቢል ሃሚልተን የሚባል የኒውዚላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አካባቢው ያሉት ወንዞች ለፕሮፔለር ጥልቀት ስላልነበራቸው ዛሬ የምናውቀውን ጄት ጀልባ እንደሠራ፣ በ1960 ደግሞ ጀልባዎቹ የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን ውስጥ ሽቅብ እንደወጡት ጻፈ። ከጥያቄዬ ጋር ባይገናኝም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት፣ ቁጥር 4ም ከተደበቀበት ወጥቶ ልብ ሰጠው።

29 ሁለት ስትሮክ ሞተር ከአራት ስትሮክ ይሻላል የሚለውን የማያልቅ ጠብ ሊጀምር ነበር፣ ክብደቱ ቀላል ነው በሚል። ጭሱ፣ ነዳጁ፣ ዘይቱ እያሉ ሦስት አራት ሰው ተነሳ፣ የነሱን መልስ ቁጥር ሰጥቼ አልመዘግበውም። 30 ግን ክብደት የሚለውን ቃል ይዞ ወደ ስሌት ገባ። የኔ ጀልባ አፍንጫዋ ስለሚጠብ ውሃ ላይ የምታርፍበት ስፋት ወደ 6 ካሬ ሜትር ነው ብለን ብንይዝ አንድ ሴንቲሜትር ለመስመጥ 60 ሊትር ውሃ ትገፋለች፣ ማለት 60 ኪሎ። አንድ ሰው ሲወርድ ከአንድ ሴንቲሜትር ትንሽ በላይ ታተርፋለህ። ክብደቱ ሁሉ ኋላ ከተከመረ ደግሞ ኋላዋ ከዚህም አብልጦ ይሰምጣል፣ ፕሮፔለሩ ያለው ደግሞ እዛ ነው። ባትሪውን፣ የነዳጅ ታንኩን (25 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል) እና መልህቁን ወደ ፊት መውሰድ ከምትገዛው ዕቃ ሁሉ በፊት የሚደረግ ነፃ ሥራ ነው ብሎ አሰረው። ለመነሳትም ይጠቅማል፣ አፍንጫዋ ሽቅብ አይሰቀልም።

31 ከጥልቀት አልባ ውሃ የመነሻ ዘዴ አለኝ አለ፦ መሪውን ጥግ ድረስ ጠምዝዞ ሙሉ ጋዝ መስጠት፣ እየዞረች ራሷ ባስነሳችው ማዕበል ላይ ትወጣለች። 32 እሳት ለብሶ መጣ። ዘዴው መሥራቱን አልካደም፣ ግን ፕሮፔለሩ የውሃ ሳሩን ከነሥሩ ክብ አድርጎ እንደሚያርሰው፣ ያ ጠባሳ ለመዳን ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ዓሣው የሚራባውም እዛው ሳር ውስጥ እንደሆነ አስታወሰ። ሞተሩን አንስቶ በዘንግ እየገፉ ጥልቁ ጋ ደርሶ መነሳት እያለ ይሄን ማድረግ ስንፍና ነው አለ። ቃሉ ከረረ እንጂ እኔም ከሱ ጋ ነኝ፣ 31 ግን ተቀይሞ ከክሩ ወጣ።

33 ስለ ሞተር ምንም ሳይናገር የማጥፊያ ገመዷ (ሰው ሲወድቅ ተነቅላ ሞተሩን የምታጠፋዋ) ክንዳችሁ ላይ ወይ ጃኬታችሁ ላይ ትታሰር ብሎ ብቻ ጻፈ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ጀልባ ድንገት ነው የምትቆመው፣ ሰውየው ግን አይቆምም፣ ወደ ፊት ይወረወራል።

34 እኔ ነኝ። ጄቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ባትሪውና ታንኩ ወደ ፊት ሄደዋል፣ ሞተሩም አንድ ቀዳዳ ከፍ ብሎ ታስሯል፣ ቀጥ ስትል ምንም አትልም፣ አጥብቄ ስጠመዝዛት ነው ትንሽ አየር የምትስበው። ስለዚህ የምገዛው በእጅ የሚስተካከል ባለ 6 ኢንች ጃክ ፕሌት፣ ጠርዙ የቆለመመ ባለ አራት ክንፍ ስቴንለስ እና የግፊት ጌጅ ነው፣ ጌጁ መጀመሪያ። ያልኩት ይሄን ሲሆን ተጨማሪ የረሳሁት ካለ ጠየቅኩ።

35 ላይ ቁጥር 14 ራሱ ተመለሰ፣ አሁንም ያለ አንቀጽ። ሞተሩ 6 ኢንች ወደ ኋላ ሲሄድ ትራንሰሙ ላይ የሚያርፈው ጉልበት እንደሚጨምር፣ ስለዚህ ከውስጥ በኩል በመዶሻ እጀታ ቆጥ ቆጥ እያደረጉ ድምፁን መስማት፣ ደፈን ያለ ድምፅ ካለበት ትራንሰሙ ውስጥ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል ማለት ስለሆነ ጃክ ፕሌቱ መቆየት እንዳለበት፣ የድሮ ቀዳዳዎችንና አዳዲሶቹን ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ መድፈን እንደሚያስፈልግ፣ የመሪው ኬብል፣ የጋዝና የማርሽ ኬብሎች፣ የነዳጅ ቱቦውና የባትሪ ሽቦው ሁሉም ያን 6 ኢንች መድረስ እንዳለባቸው፣ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ተነስቶና ወደ ሁለቱም ጎን ተጠምዝዞ መለካት እንዳለበት ዘረዘረ።

36 ላይ መለስኩለት። ትራንሰሙ ደህና ነው፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጠው። የነዳጅ ቱቦውና የባትሪ ሽቦው ይደርሳሉ፣ የመሪው ኬብል ግን ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ይወጠራል፣ እሱ በረጅም ይቀየራል። የማርሽ ኬብሉ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይደርሳል ግን መታጠፊያው ላይ ጠባብ ክብ ይሠራል። እንዲህ ሆኖ የሠራለት ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ካልሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ አዛለሁ።